ክላምፕ ሜትሩ ዜሮ አለ ማለት መብራት የለም ማለት አይደለም

«የእንጀራ ምጣዳችን ሁለት ሦስት እንጀራ ከተጋገረ በኋላ ብሬከሩን ይጥላል። ስንት አምፔር እንደሚስብ ለማየት ክላምፕ ሜትር ገዛሁ። የምጣዱን ገመድ ስይዝበት ግን ምጣዱ እየጋለ 0.0 ይላል። መሣሪያው ተበላሽቶ ነው ወይስ ገመዱን ልጬ ልያዘው?» ሲሉ አንድ አንባቢ ጠይቀዋል።

ኧረ ገመዱን እንዳይልጡት! መሣሪያዎም ደህና ነው። ክላምፕ ሜትር የሚለካው በሽቦው ዙሪያ የሚፈጠረውን መግነጢሳዊ መስክ ነው። በምጣዱ ገመድ ውስጥ ደግሞ ፌዙም ኒውትራሉም አብረው ያልፋሉ። በአንዱ የሄደው በሌላው ይመለሳል፤ የአንዱ መስክ የሌላውን ያጠፋዋል። የመሣሪያው መንጋጋ (ተከፍቶ ሽቦውን የሚከበው ቀለበት) ውስጥ መግባት ያለበት አንድ ሽቦ ብቻ ነው፣ ያውም ፕላስቲኩን እንደለበሰ።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ያ ዜሮ ነው። ብዙ ሰው 0 ሲያይ «መብራት የለም» ብሎ እጁን ይሰዳል። አምፔር የሚታየው ዕቃው ሲሠራ ነው። ምጣዱ ጠፍቶ እንኳ እስከ ማብሪያ ማጥፊያው ያለው ሽቦ 220 ቮልቱን እንደያዘ ነው። መብራት መኖር አለመኖሩን የሚያውቁት በቮልት ነው። መሣሪያውን ወደ ተለዋጭ ቮልት አዙረው መጀመሪያ መብራት እንዳለው በሚያውቁት ሶኬት ላይ ይሞክሩት። ከዚያ የሚነኩትን ቦታ ይለኩ። ከዚያ ተመልሰው ያንኑ ሶኬት ይለኩ። የመለኪያ ገመዱ ውስጥ ውስጡን የተበጠሰ መሣሪያም ዜሮ ሊል ይችላልና ይህችን ምልልስ አይዝለሏት።

አምፔሩን ለመለካት፣ ምጣድዎ በሶኬት የሚሠራ ከሆነ አጭር ኤክስቴንሽን ያሠሩ። የውጭ ልባሱ መሃል ላይ ተከፍቶ ሦስቱ ሽቦዎች (ፌዝ፣ ኒውትራልና የመሬት ሽቦ) ለየብቻ ይወጣሉ፤ የየራሳቸው ፕላስቲክ ግን አይነካም። መንጋጋው የሚይዘው ፌዙን ብቻ ነው። ገመዱ የምጣዱን አምፔር የሚችል ይሁን፤ ሥራውም ከሶኬት ተነቅሎ ነው የሚሠራው። እኔ የምመርጠው ይህንን ነው።

በቀጥታ ከብሬከር የመጣ ከሆነ ግን የብሬከር ሳጥኑን መክፈት ግድ ይላል። ይህን ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ይተዉለት። ዋናው ብሬከር ወርዶም ከቆጣሪው የሚመጣው ሽቦ የታሰረበት ብሎን መብራት አለው። ባለሙያው ዋናውን አውርዶ፣ በቮልት አረጋግጦ፣ ከምጣዱ ብሬከር የሚወጣውን ፌዝ ብቻ ይይዛል። የመንጋጋው ጫፎች ጥርቅም ብለው መግጠም አለባቸው፤ ክፍተት ካለ ቁጥሩ ይዛባል። መሣሪያው ተንሸራቶ ባዶ ብረት ላይ እንዳያርፍ ካመቻቸ በኋላ እጁን አውጥቶ ያበራና ቁጥሩን በዓይኑ ብቻ ያነባል። አምፔር ሲለካ የቮልት መለኪያ ገመዶቹ ከመሣሪያው ይነቀላሉ። ጣትም ከእጀታው ከንፈር (ከጣት መከለያው) አያልፍም። መሣሪያው ላይ ካት 3 (CAT III፣ የመለኪያው የደህንነት ደረጃ)፣ 600 ቮልት የሚል ከሌለ ሳጥን ውስጥ ባይገባ ይሻላል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። 3500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ብሬከርዎ ባለ 16 ከሆነ ጫፉ ላይ ነው የሚሠራው። ቆይቶ መውደቁም የሙቀት ነገር ያስመስለዋል። ብሎኑ የላላ እንደሆነ ደግሞ ሙቀቱ ይብሳል፤ የጠቆረ ወይም የቀለጠ ፕላስቲክ ካለ ምክንያቱ እዚያው ነው። «ባለ 32 ቀይረው» የሚልዎት ካለ መጀመሪያ የሽቦውን ውፍረት ይጠይቁት። ባለ 2.5 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ ላይ ባለ 32 ብሬከር ከተገጠመ ብሬከሩ ሳይወርድ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይግላል። ብሬከር የሚያድገው ሽቦው አብሮ ሲያድግ ነው።

ምጣዱ ገና እንደበራ ብሬከሩ የሚወርድ ቢሆን ኖሮ የምጠረጥረው ሾርት ወይም ወደ ምጣዱ አካል የሚያፈስ መብራት ነበር። ያኔ ተራ ክላምፕ ሜትር ብዙም አይረዳዎትም። ሰው የሚጎዳው 30 ሚሊአምፔር በብዙዎቹ ስክሪን ላይ 0.0 ነው። ምጣዱን ሲነኩት ትንሽ እንኳ ከነዘረዎት ከዛሬ ጀምሮ ይንቀሉትና ለባለሙያ ያሳዩት።