ባለ 12 ቮልቱ ፔዳል እና የተቀየረው ቫልቭ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በ12 ቮልት አዳፕተር የሚሠራ የጊታር ፔዳል (የጊታሩን ድምፅ የሚቀይር፣ በእግር የሚረገጥ ሳጥን) በገዛ እጄ ገጣጥሜአለሁ። 12ኤዩ7 በሚባለው ቫልቭ (ድምፅ የሚያጎላ የብርጭቆ ቱቦ) ደህና ነበር። ጉልበት ይጨምርልኛል ብዬ 12ኤኤክስ7 ብሰካበት ድምፁ ቀጠነ፤ ክሩን ጠንከር አድርጌ ስመታውም ይቆራረጣል። ከምናለሽ ተራ ከገዛሁት አሮጌ ራዲዮ የነቀልኩት ኢሲሲ85 አለኝ። እግሩ ስለሚገጥም እሱን ልሞክረው? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ኢሲሲ85ቱን መጀመሪያ ከእጅህ አስቀምጠው። ዘጠኝ እግር ስላለው መሰኪያው አይከለክለውም፤ ስንት ቫልቭ የተቃጠለው በዚሁ ነው። የማሞቂያ ክሩ በ4ኛውና በ5ኛው እግር መካከል ያለ ሲሆን የሚችለው 6.3 ቮልት ብቻ ነው። ያንተ ፔዳል በእነዚያው እግሮች ላይ 12 ቮልት ይሰድበታል፤ ከልኩ በላይ ይደምቅና ይበጠሳል። የ12ኤዩ7 እና የ12ኤኤክስ7 ክር ግን መሐሉ በ9ኛው እግር ስለሚወጣ በ12.6ም ሆነ በ6.3 ቮልት እንዲሠራ ማገናኘት ይቻላል። የኢሲሲ85 9ኛ እግር ከክሩ ጋር አይገናኝም፤ የውስጥ መከለያ ነው።

ወደ ቀጠነው ድምፅ ልምጣ። 12ኤኤክስ7 100 እጥፍ ያጎላል የሚባለው ፕሌቱ፣ ማለትም ኤሌክትሮን የሚቀበለው ሳህን፣ ከመቶ ቮልት በላይ ሲያገኝ ነው። ቫልቩን ለመዝጋት ግሪዱ (የጊታሩ ድምፅ የሚገባበት መቆጣጠሪያ ወንፊት) ላይ የሚያስፈልገው አሉታዊ ቮልት፣ በግምት፣ የፕሌቱ ቮልት ለማጉያ ቁጥሩ ሲካፈል የሚገኘው ነው። 12 ለ100 ሲካፈል 0.12 ቮልት ይሆናል። 12ኤዩ7 የማጉያ ቁጥሩ ወደ 20 ስለሆነ 0.6 ይደርሳል። ጊታር በኃይል ሲመታ ከ0.12 ቮልት በቀላሉ ያልፋል፤ የሰማኸው መቆራረጥ ቫልቩ በየምቱ ሲዘጋ ነው። ስለዚህ እኔ ብሆን ወደ 12ኤዩ7 እመለሳለሁ።

አይ፣ 12ኤኤክስ7ቱ ይሻለኛል ካልክ ቴስተርህን አውጣና 1ኛውንና 6ኛውን እግር ለካ። ፕሌቶቹ እነርሱ ናቸው። ንባቡ 11 ቮልት አካባቢ ከሆነ ቫልቩ የሚያሳልፈው ኤሌክትሪክ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ የፕሌቱን ሬዚስተር ከፍ አድርግ። ወደ ዜሮ ከተጠጋ ዝቅ አድርገው። በየጊዜው ስታኞ ከማቅለጥ ተለዋዋጭ ሬዚስተር ግጠምና 6 ቮልት አካባቢ ጀምር፤ ከዚያ ወዲያ ጆሮህ ይፍረድ።

ድንገት ከሱቅ የተገዛ ፔዳል ልትከፍት ብታስብ ግን ተጠንቀቅ። አንዳንዱ ውስጡ ቮልት ማሳደጊያ ስላለው ፕሌቱ ላይ 200 ቮልት ሊኖር ይችላል፤ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ካፓሲተርም ፔዳሉ ከኃይል ከተነቀለ በኋላ ቮልቱን ይዞ ይቆያል።

አዳፕተርህስ? ማሞቂያው ብቻ 150 ሚሊአምፔር ይጠጣል፤ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። 100 ሚሊአምፔር የሚሰጥ የፔዳል ኃይል ማከፋፈያ አይበቃውም፤ 500 የሚሰጥ ፈልግ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ እምምም የሚል ድምፅ ሳሳድድ ሦስት ቫልቭ ቀያይሬ ስጨርስ ጥፋተኛው አዳፕተሩ ሆኖ ተገኘ።

ስትቀይር ኃይሉን አጥፋ፣ ብርጭቆው እስኪቀዘቅዝ ጠብቅ፣ ሳታጣምም ቀጥ አድርገህ ሳበው። አዲሱን ከሰካህ በኋላ በእርሳስ ቀስ ብለህ ንካው፤ ድምፅ ማጉያው ደወል የሚመስል ድምፅ ከመለሰልህ ሌላ ሞክር።

ኢሲሲ85ቱን ወደ ራዲዮው መልሰው። ያለ እርሱ ኤፍ ኤሙ አይናገርም።