ሰርጉ ካለፈ በኋላ የደረሰ ቀሚስ

ጥያቄ፦ ለእህቴ ሰርግ የሀበሻ ቀሚስ በቴሌግራም አዝዤ 14,000 ብር በቴሌብር አስቀድሜ ከፈልኩ። ሻጩ «ሚያዝያ 10 ይደርሳል» ብሎ ቢጽፍልኝም ቀሚሱ የመጣው ሰርጉ ካለፈ በ9ኛው ቀን ነው። ገንዘቤን ማስመለስ እችላለሁ?

መልስ፦ በመርህ ደረጃ ይችላሉ። የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1771 ውሉ ያልተፈጸመለት ወገን ውሉ እንዲፈጸም ወይም እንዲሰረዝ፣ ጉዳት ከደረሰበትም ካሳ እንዲከፈለው ለመጠየቅ ያስችለዋል።

ሆኖም በጥያቄዎ ውስጥ ሁለት ነገሮች አላገኘሁም፤ ከሚያዝያ 10 በኋላ ለሻጩ ምን እንደጻፉለትና ቀሚሱ አሁን የት እንዳለ። ደንበኞቼ ደጋግመው የሚወድቁት የመጀመሪያው ላይ ነው። ቀኑ በማለፉ ብቻ ሻጩ በሕግ ተጠያቂ የሆነ ይመስላቸዋል፤ አንቀጽ 1772 ግን ሻጩ ውሉን አለመፈጸሙን መከራከሪያ ከማድረግዎ በፊት ግዴታውን እንዲፈጽም ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠው ይጠይቃል። «እሺ እጠብቃለሁ፣ ብቻ ቶሎ በል» ብለው ከጻፉለት ደግሞ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ማስጠንቀቂያ ሳይሆን ተጨማሪ ጊዜ የሰጡት ያስመስላል። አንቀጽ 1775 ግዴታው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ብቻ ሊፈጸም የሚችል ሆኖ ጊዜው ካለፈ ማስጠንቀቂያ አያስፈልግም ይላል፤ የሰርግ ልብስ እዚህ ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ ይህን ለመከራከር ግን ሻጩ ቀሚሱ ለሰርግ መሆኑንና የሰርጉን ቀን ማወቁን የሚያሳይ ጽሑፍ ቢኖርዎት ይበጃል። በስልክ ብቻ ነግረውት ከሆነ ማስረዳቱ ይከብድዎታል።

ስለዚህ ዛሬውኑ፣ ከመናደድዎና ሻጩን ብሎክ ከማድረግዎ በፊት፣ ንግግሩን በሙሉ ከነቀኑ ስክሪንሾት ያንሱ፤ በቴሌግራም ሻጩ መልእክቱን ከእርስዎም ስልክ ላይ ሊያጠፋው ይችላል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መልእክት ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈግ ቢጠብቅም፣ የጠፋ መልእክት ላይ ሊደርስልዎ አይችልም። የቴሌብር ማረጋገጫውንም ያስቀምጡ፤ ገንዘቡ የገባው በሱቁ ስም ሳይሆን በአንድ ግለሰብ ስም ከሆነ ያ ስም ማን እንደሆነ አሁኑኑ ያጣሩ፣ ክስ የሚመሠረተው በሚታወቅ ሰው ላይ ነውና።

ቀሚሱን በተመለከተ፣ ከፌስታሉ ወጥቶ ለመልስ ተለብሶ ከሆነ ውሉ ይሰረዝልኝ ማለቱ በእጅጉ ይዳከማል፤ የሚቀርዎ ምናልባት የካሳ ጥያቄ ነው። ካልተለበሰ አይንኩት፤ በመዘግየቱ ምክንያት እንደማይቀበሉትና ገንዘብዎ እንዲመለስ እንደሚጠይቁ፣ ቀን ቆርጠው በጽሑፍ ያሳውቁት። ጽሑፉን ከመላክዎ በፊት ግን የተጻጻፋችሁትን ሁሉ ይዘው ጠበቃ ዘንድ ይቅረቡ፤ እኔ ያየሁት የእርስዎን አጭር ጥያቄ ብቻ ነው፣ የሻጩን ምላሽ አላየሁም።