«ተጽዕኖ»፣ «ጫና» ወይስ «ጣልቃ ገብነት»?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ሬዲዮ ጣቢያ የውጭ ዜና እተረጉማለሁ። «የውጭ ኃያላን በአፍሪካ አገሮች ያላቸው ኢኮኖሚያዊና ወታደራዊ ተጽዕኖ እየጨመረ ነው» ብዬ ጻፍሁ። አንዱ አርታኢ «ተጽዕኖ» የሚለውን ሰርዘው «ጣልቃ ገብነት» አሉት፤ ሌላው «ጫና» ይሻላል አሉ። የሦስቱ ልዩነት ምንድን ነው? አጻጻፉስ ተጽዕኖ ነው፣ ተፅእኖ ነው ወይስ ተጽእኖ?

መልስ፦ አጻጻፉ ቶሎ ስለሚያልቅ ከእሱ እንጀምር። ሥሩ የግእዙ «ጸዐነ» ነው፤ በጸሎቱ ጸ እና በዐይኑ ዐ። ስለዚህ ሥሩን ለሚጠብቅ ጸሐፊ «ተጽዕኖ» ነው። ሌሎቹንም አንባቢ ይረዳቸዋል፤ በአንድ ዜና ውስጥ ሦስቱን ማቀላቀል ግን ያስነውራል።

«ጸዐነ» ማለት ጫነ ማለት ነው። አማርኛ ዐይኑን ዋጠ፣ ጸን ወደ ጨ ለወጠና «ጫነ» አለ። እንግዲህ «ተጽዕኖ» እና «ጫና» የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ አንዱ በግእዝ ቤት አደገ፣ ሌላው በአህያ ጀርባ። «ጫና» ያሉት አርታኢ ሥሩን አልሳቱም።

በአጠቃቀም ግን ተለያይተዋል። «በጎ ተጽዕኖ» ይባላል፤ «በጎ ጫና» የሚል የለም። «ጫና በዛበት» ይባላል፤ «ተጽዕኖ በዛበት» ጆሮ ይቆረቁራል። ጫና የሚያደርግ ወገን የሚፈልገው የታወቀ ነገር አለው፤ የድምፅ ድጋፍ፣ የወደብ ውል፣ የማዕድን ፈቃድ። የተጫነበትም ክብደቱን ያውቀዋል። ተጽዕኖ ግን ባለቤቱ ምንም ሳይጠይቅ ሊያድር ይችላል። «አሳደረ» የሚለው ግስ ከእሱ ጋር መሄዱ በአጋጣሚ አይመስለኝም፤ ሌሊቱን ገብቶ ጠዋት የሚገኝ ነገር ነው።

«ጣልቃ ገብነት» ሌላ ዘር ነው። ጣልቃ የሁለት ነገር መካከል ነው። ቃሉ እንዲቆም ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ የሚገባ ወገን፣ የሚገባበት ጉዳይ፣ ጉዳዩም የዚያ ወገን የራሱ አለመሆኑ። «በሱዳን ጦርነት ጣልቃ ገባ» ሙሉ ነው። «በአፍሪካ ጣልቃ ገብነት ጨመረ» ብሎ ዝም ማለት ግን በምን ጉዳይ እንደሆነ ሳይናገር ይፈርዳል። ጅቡቲን ያስቧት። አሜሪካ፣ ፈረንሳይ፣ ጃፓን፣ ጣልያንና ከ2017 ጀምሮ ቻይና (ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በዚያች ትንሽ አገር ወታደር አስፍረዋል፤ በስምምነት፣ ኪራይ እየተከፈለ። ኪራይ የሚከፍል ተከራይ ጣልቃ ገባ አይባልም። ተጽዕኖ የለውም ማለት ግን አይደለም።

ለእርስዎ ከተማ ደግሞ ይህ ቃል ሩቅ አይደለም። በታኅሣሥ 1925 እንግሊዝና ጣልያን ደብዳቤ ተለዋወጡ። እንግሊዝ በጣና ላይ ግድብ የመሥራት ፈቃድ እንድታገኝ ጣልያን ልትደግፋት፣ እንግሊዝም በበኩሏ በምዕራብ ኢትዮጵያ የጣልያንን ብቸኛ «ኢኮኖሚያዊ ተጽዕኖ» ልታውቅላት ተስማሙ። ባለአገሩን ማንም አልጠየቀም። ራስ ተፈሪ በ1926 ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ። እዚህ ላይ «ተጽዕኖ» የለሰለሰ ቃል ነው፤ ድርጊቱ በሰው ቤት ላይ መከፋፈል ነበር። ተርጓሚ የሰነዱን ቃል ይጠብቃል፤ በራሱ አንደበት ሲጽፍ ግን የድርጊቱን ቃል ይፈልጋል።

ከሁሉ የሚብሰው ስሕተት የሚመጣው ከስሙ ሳይሆን ከግሱ ነው። የውጫሌን ውል (1889) 17ኛ አንቀጽ ሁሉም ያውቀዋል፦ አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ በጣልያን በኩል ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ ጣልያንኛው በጣልያን በኩል ለመላላክ ተስማምተዋል፣ ማለትም ግዴታ ገብተዋል፣ ይላል። አንድ ግስ አገር አዋግቷል። ብዙ ሰው የማያነሣው የ1902ቱን የምኒልክና የእንግሊዝ ውል ነው። 3ኛው አንቀጽ ስለ ጥቁር ዓባይ፣ ስለ ጣናና ስለ ሶባት ይናገራል፤ አማርኛው ወንዙን ከዳር እዳር «የሚደፍን» ሥራ ከእንግሊዝ ጋር ሳይስማሙ እንዳይሠሩ ይላል። መድፈን የተሸነቆረ እንስራ ላይ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ጠብታ አያሳልፍም። መቀነስ፣ መጥለፍ፣ ማጠራቀም ሌላ ሌላ ግስ ናቸው። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት፣ ከተማዎ ጫፍ ላይ፣ በ1996 የተሠራውን የጨረጨራ ግድብ ይመልከቱ፦ በሮቹ ሲወርዱ ውሃው ይቀንሳል፣ ሲነሡ ይበዛል። ይቆጣጠራል እንጂ አይደፍንም። ዛሬ ስለ ዓባይ የሚጽፉ ሰዎች «መገደብ»ን «ማቆም» እያሉ ሲያዞሩት በዚያው ጉድጓድ ይወድቃሉ።

የብድር ውሎችም እንዲሁ ናቸው። የውል አማርኛ ግዴታን በተራ የትንቢት ግስ ይጽፋል፦ «ተበዳሪው በየስድስት ወሩ ወለድ ይከፍላል»። ይህን «ሊከፍል ይችላል» ብሎ የሚያነብ ዜና ዕዳን ምርጫ ያደርገዋል። «የዕዳ ሽግሽግ»ን «ስረዛ» ብሎ መተርጎምም የተለመደ ጥፋት ነው። ሲሸጋሸግ የመክፈያው ጊዜ ይረዝማል፣ አንዳንዴም ወለዱ ይቀንሳል፤ ዋናው ዕዳ ግን ብዙውን ጊዜ አለ። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2023 ሳትከፍል የቀረችው 33 ሚሊዮን ዶላር የዩሮቦንዱ (በውጭ ገበያ በዶላር የሸጠችው ቦንድ) ወለድ ነው፤ ዋናው 1 ቢሊዮን ነበር። «የ33 ሚሊዮን ዶላር ብድር» ብሎ የጻፈ ወለድን ከዋና ደባልቋል።

«ሰጠ» የሚለውን ግስ ከገንዘብ ዜና ቢያስወጡት ደስ ይለኛል። «ለገሠ» ከሆነ አይመለስም፤ «አበደረ» ከሆነ ከነወለዱ ይመለሳል፤ «ኢንቨስት አደረገ» ከሆነ ትርፉን ይጠብቃል። ሥራ ተቋራጭ ደግሞ ከሦስቱም አይደለም፤ ደመወዙን የሚቀበል ግንበኛ ነው። በ2024 የተመረቀውን የዓባይ ድልድይ የሠራው የቻይና ኩባንያ ነው፤ ወጪው ግን የኢትዮጵያ መንግሥት። ታዲያ «ቻይና ድልድይ ሠራችልን» ማለት ምን ያህል ትክክል ነው?

እዚህ «ልን» ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የጥያቄዎ ቁልፍ ያለው በዚያ ነው። አማርኛ በግስ ጫፍ ላይ በሚለጥፈው አንድ ፊደል ይፈርዳል። «ሠራችልን» ሲሆን ለጥቅማችን ነው፣ «ሠራችብን» ሲሆን በጉዳታችን። «ጦሩ ገባልን» ያለ ሰው ሲቀበል፣ «ገባብን» ያለ ሲያለቅስ ይሰማል፤ ጦሩ ግን አንድ ጦር ነው። «በሀገሪቱ ጦር ሰፈረ» ማለት ዜና ነው፤ «ሰፈረባት» ማለት አስተያየት ነው። የተናጋሪው ቃል ከሆነ በትእምርተ ጥቅስ ያስቀምጡት፤ የእርስዎ ከሆነ «ብ»ዋን ያንሷት።

ወታደራዊውን ክፍል በአጭሩ። የውጭ ወታደር ሲወጣ «ወጣ»፣ «ለቀቀ» እና «ተባረረ» አይወራረሱም። የፈረንሳይ ጦር ከማሊ በነሐሴ 2022፣ ከኒጀር በታኅሣሥ 2023 ወጣ፤ አሜሪካኖቹም በ2024 ከኒጀር ወጡ። በኒጀር ሁለቱንም ጊዜ ውሉን ያፈረሰው የአገሩ ወታደራዊ መንግሥት ነበርና «እንዲወጣ ተደረገ» ማለት ሐቁን ይይዛል፤ «ተባረረ» ግን ዱላ ያሰማል። «ቅጥረኛ»ም ይጠንቀቁት። በፖለቲካ አማርኛ ስድብ ሆኗል፤ ለሩሲያው የግል ጦር ለዋግነር ዓይነቱ «ቅጥር ወታደር» ሙያውን ይነግራል፣ አይሳደብም። በነገራችን ላይ «ቅኝ ግዛት» እና «ቅኔ» ከአንድ ግስ፣ «ቀነየ» (ገዛ፣ አገለገለ) ከሚለው የወጡ ናቸው። የጎጃም ቅኔ ቤቶች ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚሉ እገምታለሁ።

ስለዚህ ዓረፍተ ነገርዎ ስሕተት የለበትም፤ ሰፊ ነው እንጂ። ምንጩ አጠቃላይ ሁኔታን የሚናገር ከሆነ «ተጽዕኖ» ይቆይ። አንድ መንግሥት አንድ ነገር እንዲያደርግ ሲገፋ «ጫና»፣ የራሱ ባልሆነ ጉዳይ እጁን ሲያስገባ «ጣልቃ ገብነት»። ከቻሉ ግን ባለቤቱንና ድርጊቱን ይጻፉ፦ «ቻይና ለዛምቢያ አበደረች፤ ፈረንሳይ ከኒጀር ወታደሮቿን አስወጣች፤ ጃፓን በጅቡቲ ከ2011 ጀምሮ የጦር ሰፈር አላት።» «ኢኮኖሚያዊና ወታደራዊ» የሚሉትን ሁለት ቅጽሎችም ያን ጊዜ ቢያነሷቸው ምንም አይጎድልም።