ለጀማሪ 2,000 ነጥብ አታውጣ፦ ዋርሀመር 40,000ን በ20 ሚኒየቸር ማስተማር

በኋላ ለሚያነቡም እንዲገባ ጥያቄህን ባጭሩ ልድገመው። ሦስት የሥራ ባልደረቦችህን ዋርሀመር 40,000 (ጠረጴዛ ላይ በሚኒየቸር፣ ማለትም በትናንሽ የወታደር ሞዴሎች፣ እና በዳይስ የሚጫወቱት የጦርነት ጨዋታ) ላስተምር ብለህ ቤትህ ጠራሃቸው፤ በሁለቱም ወገን የ2,000 ነጥብ ጦር (የጦር መጠን በነጥብ ነው የሚለካው) ደረደርክ፤ በአምስት ሰዓት ሁለተኛው ዙር እንኳ አላለቀም፤ አንዱ ስልኩን ሲነካካ አመሸ፣ ሁለቱ «ለሌላ ቀን» ብለው ወጡ። አሁን «ሕጉን እንዴት ላሳጥረው?» ትላለህ።

ሕጉን ማሳጠር አያስፈልግህም። በ2023 የወጣው 10ኛው እትም (ከዚህ በታች ያለው ቁጥር ሁሉ የእሱ ነው) ዋና ሕጉ በነጻ የሚወርድ 60 ገጽ ገደማ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ለመጀመሪያ ጨዋታ የሚፈለገው ሁለት ገጽ አይሞላም። ሰው የሚደክመው በሕጉ ሳይሆን በአንድ ጊዜ በሚወርድበት ምርጫ ነው። 2,000 ነጥብ ማለት አሥር ምናምን ጓድ፣ ለእያንዳንዱ የራሱ ካርድ፣ በካርዱ ላይ ሦስት አራት መሣሪያና ልዩ ችሎታ፣ በዚያ ላይ የስትራታጀም (በጨዋታው መሀል ነጥብ ተከፍሎበት የሚወጣ ልዩ ሕግ) ክምር ነው። ኮንከርን (የካርታ ጨዋታውን) የተማረ ሰው ሕግ ተነቦለት አልተማረም፤ ከጎን ተቀምጦ አየ፣ ከዚያ «አሁን የቱን ልጣል?» የምትል አንድ ጥያቄ ይዞ ገባ። እዚህም በየተራው አንድ እውነተኛ ውሳኔ ብቻ ፊቱ ላይ አስቀምጥ፤ ያ ሲለምደው ሌላ ጨምር።

ለመጀመሪያው ቀን ስፔስ ማሪን (ጋሻ የለበሱ ወታደሮች) እና ታይራኒድ (አውሬዎች) ይበቃሉ። አንዱ ወገን 5 ኢንተርሴሰር (የማሪን እግረኛ)፣ ሌላው 15 ተርማጋንት (ትንሹ ታይራኒድ)። ተርማጋንት በደንቡ በ10 ወይም በ20 ነው የሚሰለፈው፤ ለመማሪያ ስለሆነ 15 ብታደርገው ማንም አይከስህም። ለምን 10 አይሆንም? ሂሳቡን ሥራው። 10 ተርማጋንት 10 ጥይት ይተኩሳል፤ በ4+ (4 እና ከዚያ በላይ ሲመጣ) አምስቱ ይመታሉ፤ በ3+ ሦስት ያህሉ ያቆስላሉ፤ ማሪኑ በ3+ ጥሩሩ ሁለቱን ይመልሳል። አንድ ቁስል ቀረ፣ አንድ ማሪን ደግሞ ሁለት ቁስል ይችላል። ማለትም አሥሩ ተባብረው በአንድ ተራ ግማሽ ማሪን ይገድላሉ። አምስቱ ማሪን ግን በአንድ ተራ አራት ያህል ተርማጋንት ያነሳሉ። በሦስተኛው ተራ አንዱ ጀማሪ ጠረጴዛው ላይ ምንም አይቀረውም፤ ጥፋቱን ደግሞ በራሱ ያሳብባል። 15 አድርገህ፣ መሀል ላይ ከለላ አስቀምጠህ፣ ተርማጋንቶቹን ካስቀደምክ ጨዋታው እስከ መጨረሻው ያጠራጥራል።

ሜዳው 44 በ30 ኢንች ነው (112 በ76 ሴንቲሜትር አካባቢ)፣ የምግብ ጠረጴዛ ይበቃል። እያንዳንዱ ወገን ከረጅሙ ጠርዝ 3 ኢንች ገባ ብሎ ይሰለፍ፤ መሀላቸው 24 ኢንች ይሆናል። ይህ ርቀት በዘፈቀደ አልተመረጠም። የማሪኑ ጠመንጃ 24 ኢንች ይደርሳል፣ የተርማጋንቱ 18፤ ተርማጋንቱ 6 ተራምዶ ሲተኩስ በትክክል ይደርሳል። ማሪኑ ደግሞ ከቆመበት ካልተንቀሳቀሰ መሣሪያው «ሄቪ» ስለሆነ ለመምታት አንድ ይጨመርለታል፣ 3+ የነበረው 2+ ይሆናል። ያቺ ናት የመጀመሪያዋ ውሳኔ፦ ቆሜ በደንብ ልምታ ወይስ ልንቀሳቀስ? ሌላ ነገር አትንገረው። ለከለላ የጫማ ካርቶን፣ ወፍራም መጽሐፍ፣ የወተት ዱቄት ጣሳ ይሆናል፤ ከስድስት እስከ ስምንት ቁራጭ፣ ሁለቱ መሀል ላይ ሆነው ሙሉ በሙሉ እይታ የሚጋርዱ ይሁኑ። ባዶ ሜዳ ላይ የሚጫወት ጀማሪ ጨዋታው ዳይስ መወርወር ብቻ ይመስለዋል። እውነትም ነው፣ ባዶ ሜዳ ላይ ዳይስ መወርወር ብቻ ነው።

ሜትሩን ቀድመህ እይ። እኛ ጋ በየቤቱ የሚገኘው የልብስ ሰፊ ሜትር በአንድ ፊት ሴንቲሜትር፣ በሌላው ኢንች ነው፤ ጀማሪ ሁልጊዜ የሚያውቀውን ፊት ያነብና 6 ኢንች ሊሄድ የሚገባውን ጓድ 6 ሴንቲሜትር ያንፏቅቀዋል። በዚያ ላይ ሜትሩ ይረግባል። ከካርቶን 6፣ 12፣ 18 እና 24 ኢንች ዘንግ ቆርጠህ ቁጥሩን በጉልህ ጻፍበት፤ ለመጀመሪያው ቀን ሜትር አይወጣም። ልኬቱ ከቤዝ (ሚኒየቸሩ ከቆመበት መቀመጫ) ጠርዝ እስከ ቤዝ ጠርዝ እንጂ ከጠመንጃው አፍ አይደለም። ከመወሰን በፊት መለካት ይፈቀዳል፤ ይህን በግልጽ ንገራቸው፣ አለበለዚያ ማጭበርበር እየመሰላቸው በግምት ይንቀሳቀሳሉ።

ዳይስ ለአንድ ሰው ቢያንስ 15፣ የሁለቱ ቀለም የተለያየ። አተኳኮሱን በአፍ አታስረዳ፣ በእጅ አሳይ። ማሪኑ 10 ዳይስ ያነሳል (አምስት ሰው፣ ሁለት ሁለት ጥይት)፣ በአንዴ ይጥላል። ከ3 በታች የመጣውን ራሱ ለቅሞ ያወጣል፤ ስድስት ወይም ሰባት ይቀራል። የቀረውን አንስቶ እንደገና ይጥላል፤ በ3+ አራት ወይም አምስት ይቀራል። አሁን የቀሩትን ዳይሶች አንስቶ ባላጋራው እጅ ላይ ያስቀምጣቸው። ይህችን አትዝለላት። ዳይሱ እጅ ሲቀይር «አሁን የማድነው እኔ ነኝ» የሚለው ያለ ማብራሪያ ይገባል። ተርማጋንቱ በ5+ ይድን ነበር፤ የማሪኑ ጥይት ዘልቆ የመግባት አቅሙ -1 ስለሆነ ከጣለው ላይ አንድ ይቀነሳል፣ ስለዚህ 6 ብቻ ያድነዋል። ይሄ መቀነስ ነው ሁሉንም የሚያደናግረው። አንዱ 5+ን ወደ 4+ ያወርደዋል፣ ሌላው ይጨምራል። «የመሣሪያው -1 ሁልጊዜ መዳንን ያከብዳል» ብለህ ቁጥሩን ራሱ ለውጠህ ካርዱ ላይ 6+ ብለህ ጻፍለት። ለዛሬ ሂሳብ አያሻውም።

የጥይቱን ጥንካሬ ከተመቺው ጽናት ጋር አነጻጽሮ በስንት እንደሚያቆስል የሚነግረው ሰንጠረዥስ? አታውጣው። የማሪኑ ጥይት 4 ለተርማጋንቱ 3፣ የተርማጋንቱ 5 ለማሪኑ 4፤ ሁለቱም በ3+ ነው የሚያቆስሉት። ሁለቱን ጓዶች የመረጥኩበት ግማሹ ምክንያት ይኸው ነው፦ አንድ ሙሉ ሰንጠረዥ ለሁለት ጨዋታ ይዘገይልሃል። ሰንጠረዡ የሚመጣው ተርሚኔተር (ከባድ ጋሻ የለበሰ ማሪን) የመሰለ ጽናቱ 5 የሆነ ነገር ስታስገባ ነው፤ ያኔ የለመዱት 3+ ወደ 4+ ሲከብድባቸው ራሳቸው «ለምን?» ይላሉ። ሲጠይቁ አሳይ።

ከለላ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ከለላ ያለው ጓድ ሲያድን አንድ ይጨመርለታል፣ ግን ጥሩሩ 3+ ወይም የተሻለ የሆነ ሰው ዘልቆ የመግባት አቅሙ 0 በሆነ ጥይት ሲመታ አይጨመርለትም። የተርማጋንቱ ጥይት 0 ነው። ስለዚህ በዚህ ጨዋታ ፍርስራሹ ለተርማጋንቱ እንጂ ለማሪኑ ጥሩር አይሆንም። የማሪኑ ተጫዋች ግንብ ጥግ ተወሽቆ ምንም ሳይጠቀም ቢቀር ይናደዳል፤ ከመጀመሪያው ንገረው፦ ለአንተ ግንቡ የሚጠቅመው ጨርሶ ሲጋርድህ ነው።

ሁለት ነገር ደግሞ ሳይጠየቅ ይበላሻል። በአንድ ቁስል የቆመ ማሪን ካለ የሚቀጥለው ቁስል የግድ እሱ ላይ ይወርዳል፤ ጀማሪ ግን ቁስሉን ለአምስቱም እያካፈለ ማንም አይሞትበትም። የቆሰለው አጠገብ ምልክት አስቀምጥ፣ ግን ዳይስ አይሁን፤ በሚቀጥለው ውርወራ ታፍሶ ይነሳል። ሽንብራ ይሻላል። ሁለተኛው መተሳሰር ነው፦ 7 ወይም ከዚያ በላይ ሰው ያለው ጓድ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው በ2 ኢንች ውስጥ ሁለት ጓደኛ ያስፈልገዋል። 15 ተርማጋንት በአንድ ረድፍ እንደ ሰንሰለት ከተዘረጋ የጫፎቹ አንዳንድ ብቻ ነው ያላቸው። በሁለት ረድፍ አስኪዳቸው።

የመጀመሪያው ጨዋታ መራመድና መተኮስ ብቻ፣ ሦስት ዙር፣ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ወዲያው ድገሙት፣ አሁን ወገን ቀይረው፣ ማጥቃትና የጨበጣ ውጊያ ጨምረህ። ማጥቃት ሁለት ዳይስ ጥሎ ድምሩን መሮጥ ነው፣ 12 ኢንች ውስጥ ያለ ጠላት ላይ። እዚህ ዕድሉን በቁጥር ንገራቸው፣ ምክንያቱም ጀማሪ ሁሉ ከሩቅ ይንደረደራል፦ 5 እና ከዚያ በላይ ከ36ቱ 30 ጊዜ ይመጣል፣ 7 እና በላይ 21 ጊዜ፣ 9 እና በላይ 10 ጊዜ ብቻ። ጠላት አጠገብ 1 ኢንች ድረስ መድረስ ስለሚበቃ በ8 ኢንች ላይ ላለ 7 ያስፈልጋል። በእንቅስቃሴ ጊዜ ተጨማሪ ዳይስ ጥሎ የሮጠ ጓድ በዚያው ተራ ማጥቃት አይችልም፤ ይሄ በየጨዋታው ይረሳል። ሌላው የሚረሳው፣ በጨበጣ ሁለቱም ወገን እንደሚመታ ነው፤ ተራው የማን ይሁን የማን፣ ያጠቃው ይቀድማል፣ የተረፈው ይመልሳል።

ሦስተኛው ላይ ሦስት የሚያዙ ቦታዎች አስቀምጥ፣ አንዱ መሀል፣ ሁለቱ በየጎኑ። ከቦታው 3 ኢንች ውስጥ ያለ ኢንተርሴሰርም ሆነ ተርማጋንት ቦታውን ለመያዝ እኩል 2 ይቆጠራል። ጠረጴዛው ዙሪያ ድንገት ጸጥታ የሚወርደው እዚህ ነው፤ አምስቱ ማሪን 10፣ አሥራ አምስቱ ተርማጋንት 30! ሲያልቅ የነበረ ደካማ ሁሉ ዋጋ አለው። ነጥብ ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ቁጠር፤ በአንደኛው የሚያዝ ቦታ ላይ የሚደርሰው የቀደመው ብቻ ነው። ቀጥሎ የድንጋጤ ፈተና ይገባል፦ ከግማሽ በታች የወረደ ጓድ በተራው መጀመሪያ ሁለት ዳይስ ይጥላል፤ ማሪኑ 6፣ ተርማጋንቱ 8 ማምጣት አለበት። የወደቀ ጓድ ቦታ ለመያዝ ዜሮ ይቆጠራል። ለተርማጋንቱ 8 የሚመጣው ከ36ቱ 15 ጊዜ ነው፣ ስለዚህ 30 ከነበረው ብዙኃን የተረፈው በአንድ ውርወራ ሊተን ይችላል።

ስትራታጀምን እስከምትችለው አዘግየው። በእኔ አስተያየት ይህን ጨዋታ ለአዲስ ሰው መራራ የሚያደርገው እሱ ብቻ ነው፤ ባላጋራህ ከማይታይ ካርድ ላይ ሕግ ሲያወጣ መታለል ይመስላል። ስታስገባም አንዱን ብቻ፣ አንድ የትእዛዝ ነጥብ ከፍሎ አንድ ዳይስ እንደገና መጣልን። በእያንዳንዱ ተጫዋች የትእዛዝ ምዕራፍ (ተራው ሲጀመር) ሁለቱም አንድ አንድ ነጥብ ስለሚያገኙ በአንድ ሙሉ ዙር ለእያንዳንዱ ሁለት ይደርሰዋል፤ በሳንቲም አድርገህ እጃቸው ላይ ስጣቸው፣ ወረቀት ላይ ከጻፍከው አይጠቀሙበትም። ከዚህ በኋላ ኮምባት ፓትሮል የሚባለው አነስተኛው የጨዋታ ዓይነት ነው፤ ጦሩ በሳጥኑ የተወሰነ፣ ካርዱ በነጻ የሚወርድ፣ ሜዳው ያው 44 በ30።

ስለ ቀለም ብዙ አትጨነቅ። በማስጀመሪያ ሳጥን የሚሸጠው ሚኒየቸር ያለ ማጣበቂያ የሚገጣጠም ነው፤ ግራጫውን ፕላስቲክ አጫውታቸው፣ የወደደ ራሱ ብሩሽ ይጠይቅሃል። ስለ 41ኛው ሺህ ዘመን ታሪክም እንዲሁ። «እነዚህ ጋሻ የለበሱ ወታደሮች ናቸው፣ እነዚያ ሁሉን የሚበሉ አውሬዎች» ካልክ በቂ ነው።

አንተ አትጫወት። ዳኛ ሁን፣ ካርድ አንብብ፣ «እርግጠኛ ነህ? ይሄኛው ያይሃል» በል፣ የተጸጸተውን እንዲመልስ ፍቀድ። ባልደረቦችህ ሦስት ስለሆኑ እንደ ጆተኒ አድርገው፦ ሁለቱ ይጫወቱ፣ ተሸናፊ ይነሳ፣ ሦስተኛው ይግባ። ግማሽ ሰዓት ቆሞ ያየው ሰው ሲገባ ምንም ማስረዳት አይኖርብህም፤ የተነሳውም ቆሞ ምክር መስጠት ይጀምራል። ሦስቱም ካርዱን ሳያዩ 3+ ያለውን ዳይስ ራሳቸው መልቀም ሲጀምሩ ሁለተኛ ጓድ ለየወገኑ ጨምር። 2,000ው ነጥብ መደርደሪያው ላይ ይቆይ፤ «ያ ትልቁ ምንድን ነው?» ብለው እስኪጠይቁህ።