የአባቴ እርከን ለምን ይሰበራል?

ጥያቄ፦ አባቴ በደቡብ ጎንደር፣ ደጋማ ተዳፋት ላይ ገብስና ጤፍ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። በየዓመቱ በጥርና በየካቲት በሕዝብ ዘመቻ የአፈር እርከን ይሠራል፤ ነሐሴ ላይ ግን ይሰበርና ጎርፉ ማሳውን ከቀድሞው ይብስ ይቦረቡረዋል። አባቴ «መሬቴን አጠበበው፣ በሬ ማዞሪያ አሳጣኝ፣ የአይጥ መኖሪያም ሆነ» ብለው ሊያፈርሱት ተነሥተዋል። ምን ልበላቸው?
ልጃቸው፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ በመጀመሪያ ደረጃ አባትዎ እውነታቸውን ነው። እርከን መሬት ይወስዳል፣ አይጥም ይደበቅበታል፤ ይህን የሚክድ ባለሙያ ማሳ ላይ ቆሞ አያውቅም ማለት ነው። መሰበሩ ግን በአብዛኛው የአቀያየሱ ጉድለት ነው።

ዝናብ አጠር በሆነ አካባቢ እርከን የሚሠራው ውሃው እዚያው ወደ አፈር እንዲሰርግ ስለሆነ፣ ልኩ ፍጹም አግድም ይደረጋል። በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው፣ በአንዳንድ ቦታ ግድግዳው እስከ 5 ሜትር የሚደርሰው የኮንሶ የድንጋይ እርከን እርጥበት በመያዝ የታወቀው በዚህ ነው። ክረምቱ በሚበረታበት ደጋ ግን አግድም እርከን ከተሠራ ውሃው መሄጃ አጥቶ ይተኛል፣ ሰብሉም ቢጫ ይሆናል፤ የብዙ ቀን ዝናብ በአንድ ከሰዓት በኋላ በወረደ ጊዜ ደግሞ ደካማውን ቦታ ፈልጎ ይበጥሰዋል።

ስለዚህ እርከኑ በጥቂቱ ማዘንበል አለበት። ሁለት ምልክት ያላቸው እንጨቶች፣ 10 ሜትር ገመድና መሐሉ ላይ የሚንጠለጠል የውሃ ልክ ከተገኙ፣ በአንድ የገመድ ርዝመት ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያሉ መቀየስ ይቻላል። ውሃው የሚደርሰውም ሣር በለበሰ መውረጃ ላይ መሆን ይኖርበታል። አባትዎ ከአያቶቻቸው የወረሱት ፈሰስ፣ ማለትም ውሃ ለማውረድ በማሳው ላይ የሚቀደደው ቦይ፣ ይህንኑ ሥራ የሚሠራ ነው፤ ችግሩ ሽቅብ ቁልቁል ሲቀደድ በጥቂት ክረምት ቦረቦር መሆኑ ነው። መውረጃው የጎረቤት መሬት መንካቱ ስለማይቀር፣ ከቁፋሮው በፊት ከላይም ከታችም ካሉት ባለማሳዎች ጋር መስማማት የግድ ነው፤ ከላይ ያለው ማሳ ካልተሠራ የእርስዎ ብቻ አይችለውም።

የጠፋውን መሬት በተመለከተ፣ እርከኑ ላይ ደሾ ወይም ዝሆኔ ሣር ተተክሎ እየታጨደ ለከብት ቢሰጥ ጥቂቱን ይመልሳል። ነገር ግን ከአጨዳ በኋላ ከብት በልቅ የሚለቀቅ ከሆነ ሣሩም እርከኑም አይተርፉም።

አሁን እንዳያፈርሱት ይለምኗቸው። ሐምሌ ላይ ዝናቡ እየወረደ ከአባትዎ ጋር ማሳውን ዙሩ፤ ውሃ የተኛበትንና አፈሩ የተቀደደበትን ሁሉ ችካል ትከሉበት። ጥር ላይ ዘመቻው ሲመጣ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ቅየሳውን ከእነዚያ ችካሎች ይጀምር።