«ዲፒኬጂ ተበላሸ፣ ፎርማት ላድርገው?» ላለችው እህታችን

ማራኪ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ ያላት እህታችን ያቀረበችው ጥያቄ ይህ ነበር፦ «ኡቡንቱ 22.04 ያለበት ዴስክቶፕ አፕዴት እያደረገ ሳለ መብራት ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር ልጭን ስል የዲፒኬጂ ስሕተት ያመጣል። የፕሪንተሩን ድራይቨር እንኳ መጫን አልቻልኩም። ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ይዘው እየጠበቁኝ ነው። ፎርማት ላድርገው?» ከሥሩ አንዳንዱ «ፎርማት አድርጊውና ተገላገይ» ብሏታል፤ ሌላው ደግሞ «ሎክ ፋይሎቹን ሰርዢያቸው» ብሏል።

እህት ዓለም፣ ፎርማት አታድርጊው። ሎክ ፋይሉንም ተዪው። ለማያውቅ ሰው፦ ኡቡንቱ እንደ ዊንዶውስ ያለ የኮምፒውተር ሲስተም ነው፤ ዲፒኬጂ እዚያ ላይ ፕሮግራሞችን የሚጭነውና የሚመዘግበው ነው፤ ሎክ ፋይል ደግሞ ሁለት ፕሮግራሞች ባንዴ እንዳይጭኑ የሚቆለፍበት ነው። ፒያሳ ላይ ኮምፒውተር ስጠግን ዓመታት አልፈዋል፤ እንዲህ ሆኖ የሚመጣ ማሽን እዚህ ጎንደር ብርቅ አይደለም። መብራት ይሄዳል፤ ዴስክቶፑ ዩፒኤስ የለውም፣ ላፕቶፑም ከሆነ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። አብዛኛው ይድናል። የማይድነው ብዙውን ጊዜ መብራቱ ያበላሸው ሳይሆን፣ ከዚያ በኋላ ሰው በችኮላ የሰረዘው ነው።

ችኮላው የሚመጣው ሁለት ነገር ስለሚምታታ ይመስለኛል። አንደኛው የአፕት ዝርዝር ነው፤ አፕት ፓኬጅ (የፕሮግራም ጥቅል) ከኢንተርኔት አውርዶ ለዲፒኬጂ የሚያቀብለው ነው። ዝርዝሩ /ቫር/ሊብ/አፕት/ሊስትስ ውስጥ ይቀመጣል። ኢንተርኔት ላይ ያሉት ሰርቨሮች ምን ምን ፓኬጅ እንዳላቸው ይናገራል። ቢበላሽ እንደገና ይወርዳል፤ የሚጎዳው የዳታ ጥቅልሽን ብቻ ነው። ሁለተኛው የዲፒኬጂ ዳታቤዝ ነው፤ /ቫር/ሊብ/ዲፒኬጂ ውስጥ አለ። አንቺ ማሽን ላይ ምን እንደተጫነ፣ ስንተኛው ቨርዥን እንደሆነ፣ የትኛው ፋይል የየትኛው ፓኬጅ እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። የትም ሰርቨር ላይ ቅጂ የለውም። እንደ ሱቅ የዱቤ መዝገብ ቁጠሪው፤ ዕቃው ወጥቷል፣ ወሳጆቹም አሉ፣ መዝገቡ ከጠፋ ግን ማንን ምን ብለሽ ትጠይቂያለሽ? ስለዚህ «ፎልደሩን ሰርዢው፣ ራሱ ይፈጠራል» የሚልሽ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የትኛውን ፎልደር ማለቱ እንደሆነ ጠይቂው።

ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡ ነው የምጽፈው፤ ተርሚናል በሚባለው የትዕዛዝ መስኮት ላይ በላቲን ፊደል ታስገቢያቸዋለሽ። «ሱዶ» ማለት ትዕዛዙ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ይፈጸም ማለት ነው።

ከምንም በፊት የደንበኞችሽን ፋይል ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ገልብጪ። የሰው የመመረቂያ ጽሑፍ በእጅሽ ነው። ቀጥለሽ የዲፒኬጂን ፎልደር ሙሉ በሙሉ በ«ሱዶ ሲፒ -ኤ» ወደ ሆም ፎልደርሽ ገልብጪው። ከዚህ በኋላ ብትሳሳቺም መመለሻ አለሽ።

ከዚያ «ዲኤፍ -ኤች» ብለሽ ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነ እዪ። የሞላ ዲስክ ልክ መብራት እንደጠፋ ያህል ዳታቤዙን መሃል ላይ ሊያስቆመው ይችላል። «ሱዶ ዲሜስግ» ብለሽም የመጨረሻዎቹን መስመሮች አንብቢ። ስለ ዲስኩ «አይ/ኦ ኤረር» የሚል ከተደጋገመ ችግሩ ዲፒኬጂ አይደለም፣ ሃርድ ዲስኩ እየሄደ ነው። ያን ጊዜ ጥገናውን አቁመሽ ዲስክ ቀይሪ። ፋይል ሲስተሙ «ሪድ ኦንሊ» ሆኗል ካለሽ ደግሞ በላይቭ ፍላሽ (ኡቡንቱ ሳይጫን በሚነሣበት ፍላሽ) አስነሥተሽ «ኤፍኤስሲኬ» የሚባለው የፋይል ሲስተም መጠገኛ ይሂድበት፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው።

ዲስኩ ደኅና ከሆነ «ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ» በይ። በጅምር የቀሩትን ፓኬጆች ካቆሙበት ይቀጥላቸዋል። ካለፈ «ሱዶ አፕት --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል» ጨምሪበት። ብዙ ማሽን እዚህ ላይ ይስተካከላል። አደራ፣ ዲስኩ እስካልሞላ ድረስ «አፕት ክሊን» አትበዪ። መብራት ከመጥፋቱ በፊት የወረዱት ፓኬጆች /ቫር/ካሽ/አፕት/አርካይቭስ ውስጥ ይኖራሉ፤ አፕት እነሱኑ ይጠቀማል። በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ካላለፈ የሚያወጣውን መልእክት አንብቢ። ሰው ቀዩን ጽሑፍ ሲያይ ይደነግጥና መስኮቱን ይዘጋል፤ መልሱ ግን ያለው እዚያው ውስጥ ነው። የፋይሉን ስምና የመስመሩን ቁጥር ይነግርሻል።

ስሙ /ቫር/ሊብ/ዲፒኬጂ/አፕዴትስ/0009 የሚመስል፣ በቁጥር የተሰየመ ፋይል ከሆነና «#ፓዲንግ» የሚል ነገር ካየሽ ቀላል ነው። እዚያ ያሉት ገና ወደ ዋናው መዝገብ ያልተጠቃለሉ ለውጦች ናቸው። መብራቱ ሲሄድ አንዱ ሳይሞላ ቀርቷል። ፋይሎቹን ወደ ሌላ ቦታ አንሺያቸው፤ ፎልደሩ ራሱ ግን ባዶውን ይቆይ። ከዚያ «--ኮንፊገር -ኤ»ን ድገሚ።

ስሙ «ስታተስ» ከሆነ ግን ረጋ በይ። ዋናው መዝገብ እሱ ነው። ከአዘዞ አንድ የጽሕፈት ቤት ዴስክቶፕ መጥቶልኝ ነበር፤ እንዳንቺው አፕዴት ላይ ነው መብራት የሄደበት። ፋይሉን በ«ሌስ» (ጽሑፍ ማንበቢያ ትዕዛዝ ነው) ስከፍተው ላይኛው ክፍል ደኅና ነው። የፓኬጁ ስም፣ «ኢንስቶል ኦኬ ኢንስቶልድ»፣ ቨርዥኑ፣ የሚያስፈልጉት ሌሎች ፓኬጆች፣ ከዚያ ባዶ መስመር፣ ከዚያ ቀጣዩ ፓኬጅ። ወደ ታች ስወርድ አንድ መስመር ቃሉን ሳይጨርስ ተቆርጧል። ከዚያ እስከ መጨረሻው ^@^@^@^@ ብቻ ነው። ባዶ ባይቶች ማለት ነው፤ ቦታው ተይዟል፣ ጽሑፉ ዲስኩ ላይ ሳይደርስ መብራቱ ቀድሞታል።

መፍትሔው ቅርብ ነው፤ ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ። እዚያው ፎልደር ውስጥ «ስታተስ-ኦልድ» የሚባል አለ፤ ከመጨረሻው ለውጥ በፊት የነበረው መዝገብ ነው። እሱም ከተበላሸ /ቫር/ባክአፕስ ውስጥ ግቢ። ሲስተሙ በየቀኑ እያየ፣ ለውጥ ካለ «ዲፒኬጂ.ስታተስ.0» ብሎ ቅጂ ያስቀምጣል። የቆዩት 1፣ 2 እያሉ እስከ 6 ይሄዳሉ፤ እነሱ በጂዚፕ የታመቁ ናቸው። «ኤልኤስ -ኤል» ብለሽ መጠናቸውን አወዳድሪ። በዴስክቶፕ ኡቡንቱ ላይ ይህ ፋይል ብዙ ጊዜ ከ1 ሜጋባይት በላይ ነው፤ 0 ወይም ጥቂት ኪሎባይት ካየሽ አትመኚው። መጠኑ ብቻም አይበቃም፤ የአዘዞው ማሽን መጠኑ ደኅና መስሎ ጭራው ባዶ ነበር። ከፍተሽ መጨረሻውን እዪ። ደኅናውን ካገኘሽ የተበላሸውን ስሙን ቀይረሽ አስቀምጪውና ቅጂውን «ስታተስ» ብለሽ ቦታው መልሺው። የታመቀ ከሆነ መጀመሪያ በ«ጂዚፕ -ዲ» ይፈታ።

ከዚህ በኋላ የሚረሳ ነገር አለ። የመለስሽው መዝገብ የትናንት ወይም የባለፈው ሳምንት ነው፤ ዲስኩ ላይ ያሉት ፋይሎች ግን አዲሶቹ ናቸው። ሁለቱ አልተስማሙም። መሃል ላይ ምን እንደተቀየረ /ቫር/ሎግ/ዲፒኬጂ.ሎግ በቀንና በሰዓት ይነግርሻል። ቨርዥን ብቻ የቀየሩት «ሱዶ አፕት አፕዴት» ከዚያ «ሱዶ አፕት አፕግሬድ» ስትዪ እንደገና ይመጣሉ፤ መዝገቡ አሮጌ ናቸው ብሎ ያስባልና። በዚያ መሃል አዲስ የጫንሻቸውን ግን አያውቃቸውም። ከሎጉ ላይ ስማቸውን ለቅመሽ መልሰሽ ጫኛቸው። የአዘዞው ማሽን በዚህ መንገድ ከነፕሪንተሩ ሥራ ጀምሯል፤ አንድም የደንበኛ ፋይል አልተነካም።

ሦስተኛው ዓይነት ስሕተት እዚያው የዲፒኬጂ ፎልደር ውስጥ ባለው «ኢንፎ» ፎልደር ነው። አንድ ፓኬጅ ስሙን ጠርቶ «የፋይል ዝርዝሩ ባዶ ስም ይዟል» ወይም «መጨረሻው ጎድሏል» የሚል ነገር ነው። ያን አንዱን «.ሊስት» ፋይል ብቻ አንሥተሽ ፓኬጁን በ«ሱዶ አፕት ኢንስቶል --ሪኢንስቶል» ድገሚው። ዝርዝሩ አዲስ ይጻፋል።

አሁን ወደ ሎኩ። ይህን ምክር በየቦታው አየዋለሁ፤ ያሳስበኛልም። ሎኩ ፋይሉ መኖሩ አይደለም። ፋይሉ ሁልጊዜም አለ። የሚቆልፈው የሚሠራው ፕሮግራም ነው፤ ፕሮግራሙ ሲቆም ቁልፉ ይለቀቃል። መብራት ጠፍቶ ማሽኑ እንደገና ከተነሣ አሮጌ ቁልፍ የሚባል ነገር የለም። «ሎክ ማግኘት አልቻልኩም» ካለሽ አሁን በዚህች ሰዓት ሌላ ነገር እየጫነ ነው ማለት ነው። ፋይሉን ብትሰርዢው ሁለት ፕሮግራሞች አንድ መዝገብ ላይ ባንዴ ይጽፋሉ፤ ደኅና የነበረውም ይበላሻል። «ሱዶ ኤልሶፍ /ቫር/ሊብ/ዲፒኬጂ/ሎክ-ፍሮንትኤንድ» ብለሽ ማን እንደያዘው እዪና ይጨርስ።

ብዙ ጊዜ የያዘው ራሱ ኡቡንቱ ነው። የደኅንነት አፕዴቶችን ሳይጠይቅ የሚጭን «አንአተንድድ-አፕግሬድስ» የሚባል አለው። ሰዓቱ ጠዋት 12 አካባቢ ነው፤ ማሽኑ ያኔ ጠፍቶ ከነበረ ሲበራ ይጀምራል። ማለትም አንቺ ጠዋት ሱቅ ከፍተሽ ኮምፒውተሩን ስታበሪ። አንቺ ሳታውቂ እየጫነ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ጠዋት ማሽኑ «ተንቀራፈፈ» ብለሽ ከሶኬት አትንቀዪው። መብራት በሚመላለስበት ሰሞን ይህን ማጥፋት እመክራለሁ። «ሱዶ ዲፒኬጂ-ሪኮንፊገር አንአተንድድ-አፕግሬድስ» ብለሽ «ኖ» በዪው። ግን ለዘለዓለም አይደለም፤ የደኅንነት አፕዴት ያስፈልግሻል፤ መብራቱ በረጋበት ቀን በእጅሽ አድርጊው።

ስሕተቱ የአፕት ዝርዝር ላይ ከሆነ፣ ለምሳሌ «ሃሽ ሰም ሚስማች» ካለሽ፣ የመጀመሪያው ፎልደር ነው የተጎዳው። የ«ሊስትስ»ን ይዘት ብቻ ሰርዘሽ «ሱዶ አፕት አፕዴት» በይ። ይኼኛው ቢሰረዝ ችግር የለውም።

አሁን «ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ» ብለሽ የሚያወጣውን ሙሉ መልእክት በስልክሽ ፎቶ አንሥተሽ እዚሁ ለጥፊልን፤ የ/ቫር/ባክአፕስን ዝርዝርም ጨምሪበት። የተማሪዎቹን ጽሑፍ እስከዚያው ፒዲኤፍ እያደረግሽ ከሌላ ማሽን አትሚላቸው። ማታ ከሥራ በኋላ ገብቼ አየዋለሁ።