ሮደስ ሣሩን መቼ ላሳርፈው ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ከመርዓዊ ሆነሽ «ሮደስ የሚባለው የመኖ ሣር አለኝ፤ ለበጋ እንዲቆይልኝ ላሞቼን ከላዩ ላይ መቼ ላውጣቸው? ስንት ጊዜስ ይረፍ?» ብለሽ የጠየቅሽውን አየሁት። እኔም ባሕር ዳር ዙሪያ ነኝ። ዝናባችን ያው ነው፤ ለኔ የሠራው ላንቺም ይሠራል።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ አውጫቸው። መስከረም አይደለም፤ ጥቅምትማ ጭራሽ!

1. ሣር የሚያርፈው አፈሩ እርጥብ ሳለ ነው። የተጋጠ ሣር መልሶ ቅጠል የሚያወጣው ሥሩ አካባቢ ባጠራቀመው ስንቅ ነው። ቅጠሉ ሲበረታ ደግሞ ያን ስንቅ ይተካል። ለዚህ ሁሉ ውሃ ያስፈልገዋል። ዝናቡ ከሄደ ወዲያ አጥር ብታጥሪለት፣ ዘበኛ ብታቆሚለት፣ ባለበት ይደርቃል።

ይህን ነው የሚመለከታቸው ሰዎች ያልነገሩን። የኔና የወንድሜ ማሳ ድንበርተኛ ነው። አብረን ምክር ልንጠይቅ ግብርና ቢሮ ሄድን። ቁጭ በሉ ያለን የለም። ባለሙያው ከስልኩ ቀና ሳይል «ዝናቡ ሲያባራ ከልክሉት፤ ሣር እኮ ነው» ብሎ ሸኘን። ወንድሜ የተማረ ሰው ቃል ነው ብሎ ተቀበለ። እኔ ግን አባቴ በቡሄ ሰሞን ከክልክል ሣሩ ላይ ከብት ሲያስወጣ ነው ያደግኩት፤ የሱን ያዝኩ።

ጥቅምት ሲገባ የኔ ሣር ከጉልበት አልፎ ማበብ ጀምሯል። የወንድሜ ቁርጭምጭሚት አይሸፍንም። ላም እንደምትነጨው በጣቶቼ ጨብጬ ሳብኩት፤ ከነሥሩ ተነቅሎ ከነአፈሩ መጣ። የኔን ስስበው ቅጠሉ ብቻ ተበጥሶ እጄ ላይ ቀረ። አንቺም ማሳሽ ላይ ሞክሪው፤ ከነሥሩ ከመጣ ከብት አታስገቢበት። ወንድሜ የካቲት ላይ ድርቆሽ በአይሱዙ አስጭኖ ገዛ። የወተቱ ገንዘብ በሙሉ እዚያ ገባ። እስካሁን ያንገበግበኛል፤ ያን ምክር የሰጠውን ሰው የጠየቀው የለም።

2. ጭቃውንም አስቢው። ሮደስ የሚስፋፋው መሬት ለመሬት በሚሳበው ግንዱ ነው። ነሐሴ ላይ ኮቴ ያን ግንድ ይቆርጠዋል፣ አፈሩንም ይጠቀጥቀዋል። ጥቁር መሬት ከሆነማ የባሰ ነው። «ታዲያ ላሞቹ ምን ይብሉ?» ትይኝ ይሆናል። እኔን ያወጣኝ እርከኑ ላይ የተከልኩት ደሾ የሚባለው የመኖ ሣር ነው። እያጨድኩ እቤት አቀርብላቸው ነበር። ስተክል የሳቀብኝ ጎረቤት ዛሬ የሚተክለውን ሊጠይቀኝ ይመጣል፤ ደስ እያለኝ እሰጠዋለሁ።

3. ዕረፍቱም ልክ አለው። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይበቃዋል። ማበብ ሲጀምር፣ ሰማዩ ጠራ ሲል፣ እጨጂው። ትንሽ ቁመት ይጨምር ብለሽ ኅዳርን ካሳለፍሽው የምታገኚው አገዳ ነው። የሣሩ ፕሮቲን ከ7 በመቶ በታች ሲወርድ ላሚቱ ሆዷ ሞልቶ ትከሳለች። ያኔ ፋጉሎ (ዘይት የተጨመቀበት የቅባት እህል ተረፈ ምርት) ፍለጋ ልትሮጪ ነው፤ ዋጋውን ታውቂዋለሽ።

ስታጭጂ ከመሬት አንድ መዳፍ ያህል ተዪለት። አጫጆች ገለባ የሚያጭዱ ይመስል መሬቱን ይላጩታልና አጠገባቸው ቁሚ። እኔ አጫጅ አስቁሜ ተጣልቻለሁ፤ አይቆጨኝም። ሣሩን እያገላበጥሽ አድርቂና አረንጓዴነቱ ሳይጠፋ ጣሪያ ሥር ከምሪው።

ከአጨዳ በኋላ ደግሞ የሰፈሩ ከብት ይመጣል። እህል ከተነሣ መሬቱ የሁሉም ነው የሚል ልማድ አለ አይደል? ቀድመሽ ጎረቤቶችሽን ጠርተሽ ቡና አፍልተሽ ተነጋገሪ። አጥር ብቻውን አያቆማቸውም።

ዘንድሮ የዘራሽው ከሆነ ግን ከብት ጭራሽ አታስገቢበት፤ በዚህ ዓመት በማጭድ ብቻ። መቼ እንደዘራሽውና አፈሩ ቀይ ይሁን ጥቁር ጻፊልኝ።